ደባል ዌብሜይሎችን በአንድ ሰርቨር ስለማኖር

(በደሴ ከተማ ለመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! ከወልድያ፣ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ ማልዳችሁ፣ የጦሳን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አብዛኞቻችን ለየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ሰርቨር የምንገዛበት በጀት የለንም። ስለዚህ ዌብሜይሎቻችን፣ ማለትም ኢሜይልን በብራውዘር የምናነብባቸው ፕሮግራሞች፣ በአንድ ሰርቨር ደባል ሆነው መኖራቸው የግድ ነው። ጭንቀቴ አኗኗራቸው ላይ ነው።

እኔ መጀመሪያ ስሠራው ተሳስቼ ነበር። ራውንድኪዩብ የተባለውን ዌብሜይል ሁለት ጊዜ በአንድ የድረ ገጽ ስም ሥር፣ በሁለት ፎልደር ጫንኩ። ሁለቱም ተከፈቱ፤ ደስ አለኝ። በሳምንቱ የሁለቱን ቢሮዎች ደብዳቤ የምትከታተል የሒሳብ ሠራተኛ ደወለች። «ወንድሜ፣ አንዱን ስከፍት ከሌላው ያስወጣኛል» አለችኝ። የይለፍ ቃሏን ቀየርኩ፤ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፤ ወይ ፍንክች! ሁለት ቀን ሥራዋ ተስተጓጎለ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥፋቱ የኩኪ፣ ማለትም ማን እንደገባ ለማስታወስ በብራውዘሩ የሚቀመጠው ትንሽ መረጃ፣ ነበር። ራውንድኪዩብ ካልቀየርንለት በቀር ኩኪውን ሁልጊዜ በአንድ ስም ይጠራዋል። የድረ ገጹም ስም አንድ ስለሆነ፣ ኋላ የገባው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። በማዋቀሪያው ፋይል «ሴሽን ኔም» የሚለውን መለወጥ ይፈታዋል። እኔ ግን ለየመሥሪያ ቤቱ የራሱን የድረ ገጽ ስም መስጠትን እመርጣለሁ።

ይህ ተጨማሪ አይፒ አድራሻ (የሰርቨሩ የኔትወርክ መለያ ቁጥር) አይጠይቅም። በኤችቲቲፒ 1.1፣ ማለትም ብራውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት ደንብ፣ ብራውዘሩ የሚፈልገውን ስም አብሮ የመላክ ግዴታ አለበት። ድረ ገጾቹን የሚያቀርበው ፕሮግራም አፓቼ እንደ ግቢ ዘበኛ «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ ስሙን ያይና ወደ ትክክለኛው ቨርቹዋል ሆስት፣ ማለትም ለዚያ ስም ወደተዋቀረው ክፍል፣ ይመራዋል። ለየስሙ ከሌትስ ኢንክሪፕት ግንኙነቱን የሚያመሰጥር ነፃ ሰርተፍኬት ማውጣት ይቻላል፤ የሚያገለግለው 90 ቀን ስለሆነ እድሳቱ በራሱ እንዲሄድ አድርጉት።

በር፣ ማለትም የድረ ገጽ ስም፣ መለየት ብቻውን ግን አያድንም። ብዙዎቻችን ሁሉንም ዌብሜይል በአንድ የሊኑክስ (የሰርቨሩ ስርዓተ ክወና) ተጠቃሚ ስም እናስኬዳለን። አንዱ በጠላፊ ከተሰበረ ሰባሪው የጎረቤቱን ማዋቀሪያ ፋይል ከፍቶ የዳታቤዙን ይለፍ ቃል ያነባል። ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ራውንድኪዩብ በ1.6.11 እና በ1.5.10 የደፈነው ቀዳዳ ከአሥር ዓመት በላይ ተደብቆ የኖረ ነበር፤ የአንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃል የያዘ ሰው በሰርቨሩ ላይ ያሻውን ኮድ እንዲያስኬድ ይፈቅድ ነበር። የአንዱ ቢሮ ደካማ የይለፍ ቃል የሁሉንም ደብዳቤ ያስበላል ማለት ነው።

ስለዚህ የዌብሜይሎቹን ኮድ በሚያስኬደው በፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ለያንዳንዱ ዌብሜይል የራሱን ፑል (ለብቻው የሚሠራ የሂደቶች ቡድን) ክፈቱ፤ ፑሉም በራሱ የሊኑክስ ተጠቃሚ ይሂድ። ማዋቀሪያውን ፋይል ከዚያ ተጠቃሚ በቀር ማንም አያንብበው። ዳታቤዙም፣ የዳታቤዙ ተጠቃሚም ይለይ። አደራ የምላችሁ ደግሞ ፎልደር ስትገለብጡ ነው፤ ባለ 24 ፊደሉ ሚስጥራዊ ቁልፍም አብሮ ይገለበጣል። የገባው ሰው የይለፍ ቃል የሚመሰጠረው በዚያ ቁልፍ ነው፤ ደባሎች ሊጋሩት አይገባም። የመጫኛውንም ፎልደር ሥራ ሲያልቅ አጥፉት።

ቡናው ቀርቧል። አቦሉን ጠጥተን ስንመለስ ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ፤ ሁለት ዌብሜይል አብረን እንጭናለን፤ የምንጀምረውም ከፑሉ ነው።