መሣሪያህ የታለ?

እየቀዳ ነው? እሺ። ቀዩ በርቷል።

ሰላም ናችሁ። ዛሬ መግቢያ ሙዚቃ የለም። ስለ ቡና ማፍያዬ ጀምሬ የተውኩትንም ዛሬ አልጨርሰውም። የጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ አዎ፣ አሁንም ያፈሳል።

እቴቴ ደወለችልኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ። እቴቴ ስትደውል መጀመሪያ ብርዱን ነው የምትጠይቀኝ፣ ቀጥሎ መቼ እንደማገባ። አሁን ሁለቱንም አልጠየቀችም። "መጋቢት 13 ደረሰ" አለች። ዝም አልኩ። "ያ ልጅ እሱ ነበር እንዴ?"

በየዓመቱ ትጠይቀኛለች። እኔም በየዓመቱ "አይ እቴቴ፣ እሱ አይደለም" እላታለሁ። ዘንድሮም አልኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይኸው ማይኩን አወጣሁት።

የቆያችሁ ሰዎች እቴቴ ለንደን የመጣች ጊዜ የሠራሁትን ክፍል ታስታውሳላችሁ። በርበሬው ሻንጣ ውስጥ የፈሰሰበት። የ2016 በጋ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የዚህ አገር በጋ። ያኔ ስለ በርበሬው ብቻ ነው ያወራሁት። ስለ ፎቶው አልነገርኳችሁም።

ፓርላማው በር ላይ ነን። መኪና የሚገባበት ትልቁ የብረት በር፣ ቢግ ቤን ከበላዩ ያለው። እቴቴ የእኔን ጃኬት ለብሳ ነጠላዋን ከላይ ጣል አድርጋለች። ሐምሌ ነው፣ ለእሷ ግን ውርጭ ነው። በሩ ላይ ፖሊሶች ቆመዋል፤ አንደኛው ያን እንቁላል የሚመስለውን ረጅም ቆብ አድርጓል። ቆም ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው። እቴቴ ሰው ስታይ ጨርቅ የምትገዛ ነው የሚመስለው።

"ከሱ ጋር አንሳኝ" አለች።

"ከማን ጋር?"

"ከፖሊሱ ነዋ!"

ልቤ ድንግጥ አለ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይገባዋል። እኛ ከፖሊስ ጋር ፎቶ አንነሳም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አጥር ከኋላህ ከገባ እንኳን "ና እስቲ፣ ምን ልታደርግበት ነው?" የሚል አይጠፋም። ይሄን ሁሉ ዓመት ለንደን ኖሬ፣ ፖሊስ ሳይ እጄን ከኪሴ አወጣለሁ። ራሴ ዩኒፎርም ለባሽ ሆኜ! አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ "ባለ ቢጫው" ልትሉኝ ነው። ፓርኪንግ ቀጪም ዩኒፎርም አለው፣ ይከበር።

ሄዳ አጠገቡ ቆመች። አላስፈቀደችም። እሱም ለምዶታል መሰለኝ፣ ትንሽ ጎንበስ አለላት። እኔ ወደ ኋላ እያፈገፈግኩ ነው። ቢግ ቤን እንዲገባ ፈልጌያለሁ፤ ሰዓቱ ከሌለ ለንደን መሄዷን ማን ያምናታል? እቴቴ ካሜራውን ትታ ወገቡን ታያለች። ቀበቶውን። በግራ ዞር ብላ አየች፣ በቀኝ አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በአማርኛ፣ ልክ ለጎረቤት ልጅ እንደምትናገረው፦

"አንተ ልጅ፣ መሣሪያህ የታለ?"

ፖሊሱ ወደ እኔ አየ። ምን አለች ማለቱ ነው።

እኔ ምን አልኩ? "ቁመትህ ደስ ብሏት ነው" አልኩት።

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። ጣቱን ወደ ቆቡ ጫፍ ወሰድ አድርጎ አመሰገናት። እሷ ደግሞ በጠየቀችው ነገር የሳቀ መሰላት። ተቆጣች! "ይስቃል? ባዶ እጁን ቆሞ ይስቃል?" እያስረዳኋት ጎትቼ ወሰድኳት፤ እዚህ አገር አብዛኛው ፖሊስ ጠመንጃ አይዝም፣ እንደኛ አይደለም፣ ሥልጡን ናቸው ምናምን... እንደዚያ ነው ያልኳት። "ሥልጡን" አልኩ። ዞር ብላ በእጇ አማተበችበት። "እመብርሃን ትጠብቅህ" አለች። "ሌላ ምን አለህና።"

ይሄው ነው። አንድ ደቂቃም አይሞላም።

በሚቀጥለው ዓመት ማርች 22፣ ያው መጋቢት 13፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከድልድዩ ብዙ አልርቅም። አንድ ሰውዬ መኪናው ላይ ቢጫዋን ስለጥፍ እየሮጠ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። "ድልድዩ ላይ ሰው እየተገጨ ነው" አለኝ፣ ስልኩን እያሳየኝ። ሄሊኮፕተር ይሰማል። ሁለታችንም ወደ ሰማይ አየን። ቅጣቱን ግን አላነሳሁለትም። ለምን እንደሆነ እንጃ። እጄ ሥራውን ጨርሶ ነበር።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰውዬው በኪራይ መኪና ዌስትሚንስተር ድልድይ ላይ እግረኛ እየገጨ ሄደ፣ መኪናውን ከአጥር አጋጨ፣ ወርዶ ሁለት ቢላ ይዞ ሮጦ በዚያ በር ገባ። በዚያው በር። ያገኘው ፖሊስ ኪት ፓልመር ነው። ዕድሜው 48፣ ፖሊስነት 15 ዓመት፣ ከዚያ በፊት ወታደር። መሣሪያ አልያዘም። ሊያስቆመው ገባ፣ ተወጋ። ገዳዩን የጣለው የአንድ ሚኒስትር አጃቢ ነው፣ ሲቪል የለበሰ፣ እንዲያው በአጋጣሚ እዚያ የተገኘ። መኪናው ድልድዩ ላይ መግጨት ከጀመረበት ጥይቱ እስከተተኮሰበት ድረስ 82 ሰከንድ። ከፓልመር ሌላ አራት ሰዎች ሞተዋል።

82 ሰከንድ። እስቲ ዝም ብዬ ልቁጠርላችሁ።

...

አይ። ሃያም አልደረስኩ። ይረዝማል ለካ። አጭር ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ ሲቆጥሩት ግን ይረዝማል።

አንድ የፓርላማ አባል፣ ቶቢያስ ኤልዉድ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ አፍ ለአፍ ሲተነፍስለት ነበር። ፊቱ ደም በደም ሆኖ የተነሳውን ፎቶ አይታችሁታል። አንዲት አሜሪካዊት ጎብኚ ደግሞ ከፓልመር ጋር የተነሳችውን ፎቶ አወጣች። እሱ ቆቡን አድርጎ፣ እሷ አጠገቡ ቆማ ፈገግ ብላ። የተነሱት አደጋው ሊደርስ 45 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው። ሳየው ክው አልኩ። አቋቋሙ፣ ጎንበስ ማለቱ... ግን እዚያ በር ላይ የቆመ ፖሊስ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚነሳው። ቱሪስት ያስለመዳቸው አቋቋም ነው። አይደለም እንዴ?

እቴቴ በዚያው ማታ ደወለች። ቴሌቪዥን ላይ በሩን አይታለች። "ያ ልጅ ነው?" አለች። እኔም ወዲያው፣ ሳላስብ፣ "አይደለም" አልኳት። "በምን አወቅህ?" "ሌላ ሰው ነው እቴቴ፣ ፊቱን አየሁት።" ፊቱን ልብ ብዬ እንዳላየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። እኔ ያን ቀን ያየሁት ሰዓቱን ነው።

ስሙን ጠየቀችኝ፣ ለጸሎት። ክርስትና ስሙን ማለቷ ነው። ክርስትና ስም ከየት አመጣለሁ? "ኪት" አልኳት። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ሌላ ነገር ነው የሰማችው። ምን እንደሰማች ራሳችሁ ገምቱ። "ባለጌ!" ብላ ዘጋችብኝ። (ሳቅ) እንደዚያ ዓይነት ቀን ላይ እንኳን... ይቅርታ። በኋላ ፊደሉን በፊደሉ ነገርኳት። እስከዛሬ ግን በስሙ አትጠራውም። "የበሩ ልጅ" ነው የምትለው። እንዲህ ብላ ቄሱ ዘንድ አስጽፋዋለች፤ ቄሱ ምን እንዳሉ አልነገረችኝም።

ቀብሩ ቀን፣ ኤፕሪል 10፣ ሳውዝዋርክ ካቴድራል፣ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ይሄንንም አልነገርኳችሁም። ወደ 5 ሺህ ፖሊስ ግራና ቀኝ ተሰልፏል ተባለ። እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ያየሁት የአንዷን ፖሊስ ጀርባ ነው፣ ጓንቷ ከኋላ ኪሷ ወጥቶ ሊወድቅ ነው። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል እያልኩ መኪናው አለፈ። ጣሪያው ላይ አበባ አለ፣ በአበባ የተጻፈ ነገር። "አንደኛ አባቴ" እንደማለት ነው። የልጁ ነው። እኔ ጓንቱን ሳይ።

ፓልመር ደጋፊነቱ የቻርልተን ነበር። ቻርልተን ያኔ ሦስተኛ ሊግ ነበር። ሦስተኛ ሊግ ላለ ቡድን ወንበር በዓመት የሚገዛ ሰው ማለት... እናንተ የአርሴናል ሰዎች፣ ትዕግሥት ያለን እኛ ነን ትላላችሁ አይደል? ክለቡ ወንበሩ ላይ ቀይና ነጭ ስካርፍ አስቀመጠለት። ከሁሉም፣ ሜዳሊያውንም ጨምሮ፣ ያቺ ባዶ ወንበር ናት የምትመጣብኝ።

እሺ። ወደማልፈልገው ቦታ ልሂድ።

በ2018 የአሟሟት ምርመራው ችሎት ተሰማ። በየቀኑ አነበብኩት። መሣሪያ የያዙ ፖሊሶች ግቢው ውስጥ ነበሩ፣ ያ በር አጠገብ ግን ከአደጋው በፊት አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አልደረሱም። መርማሪ ዳኛው በሩ ላይ ታጣቂ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር አለ። "ይችል ነበር" ነው ያለው፣ ልብ በሉ።

ባቡር ላይ ነው ያነበብኩት። ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም፣ ፌርማታዬ አለፈኝ። ምክንያቱም እቴቴ ናት የጠየቀችው! እዚያው ቆማ፣ ቀበቶውን አይታ፣ አንድ ዓመት እንኳን ሳይሞላው! ጠበቃ አላስፈለጋትም፣ ካሜራ አላስፈለጋትም። እኔ ደግሞ "ቁመትህ ደስ ብሏት ነው"። በትክክል ብተረጉምለት ምን ይለወጥ ነበር? ምንም። ይስቅ ነበር። "እኔን የሚጠብቁኝ አሉ" ይላት ይሆናል። ምንም አይለወጥም፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ስለ ሕይወትህ ሲጠይቅህ፣ ጥያቄው ለአንተ ነው የተጠየቀው። መሀል ገብቼ ቀልድ አደረግኩት።

ወይም... አላውቅም። እቴቴም ልክ አይደለችም ይሆናል። ጋሼ መሣሪያ ነበረው እኮ።

ጋሼን አንስቼባችሁ አላውቅም መሰለኝ። ባሏ። ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ነበር፣ ኮልፌ። ያው ማንዴላ በ1954 በእኛ አቆጣጠር የሠለጠነበት። ጋሼ የገባው ከማንዴላ ስንት ዓመት በኋላ ነው፣ "አብረን ሮጠናል" ይል ነበር ግን። ማንም ደፍሮ አያርመውም። ግንቦት 1983፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ የእህል መጋዘን ይጠብቅ ነበር። ጓደኞቹ ዩኒፎርማቸውን እየጣሉ ሄዱ። እሱ ተረኛ ነኝ አለ። የማን ተረኛ? ማን ቀርቶ? ሊዘርፉ በመጡት ተገደለ። ጠመንጃው ከጎኑ ነበር፣ አልተተኮሰበትም። እቴቴ የምትነግረኝ እንዲህ ነው። አበባ የለ፣ ሰልፍ የለ። በዩኒፎርም የተነሳው ፎቶ እንኳን የለም፤ ያኔ ፈርታ አቃጥላዋለች።

እና... ከፖሊስ ጋር አንሳኝ ያለችው ለዚህ ነው አልልም። ጠይቄያት አላውቅም። ቆቡ አምሯት ሊሆን ይችላል።

አሁን ለምን እንቅልፍ እንደነሳኝ። ፓልመር ትከሻው ላይ ቁጥር ነበረው። 4157ዩ። ከሞተ በኋላ ያ ቁጥር ለማንም እንዳይሰጥ ተደረገ። ወደ ፓርላማው ጥበቃ የተዛወረውም በ2016 ነው። እኛ የሄድንበት ዓመት። ፎቶው ያለበት የእኔ ስልክ ጠፍቷል። እቴቴ ግን ያኔውኑ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ ከገብርኤል ሥዕል ሥር።

ጎረቤት ያለውን ልጅ አንሳና ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ። መስታወቱ ላይ መብራት አርፎበታል፣ የራሱ የልጁ ስልክ ሁሉ ይታያል። የቆቡ ጥላ ፊቱን ሸፍኗል። ትከሻው ላይ 4 አለ። ከዚያ ነጭ ነገር። ከዚያ 5 ይመስላል፣ 6ም ይመስላል። አጉልቼ አየሁት፣ ሲጎላ ይብስበታል።

ከመስታወቱ አውጥተህ አንሳልኝ አልኩት። እቴቴ ከጓዳ ሰማችው። ድምፅዋ ይሰማኛል። "አታወጡትም!" አለች። "ተጣብቋል፣ ይቀደዳል።" ከዚያ ስልኩን ተቀብላው፦ "አንተ አይደለም ብለኸኝ የለ? ምን ትፈልጋለህ ታዲያ?"

ምን ልበላት። ቡና ማሽኔ ይፈስሳል አልኳት። ስለ ማሽኑ ጠየቀችኝ፣ ስንት ገዛኸው፣ ጀበና አይሻልህም ወይ፣ ልላክልህ ወይ... ሃያ ደቂቃ ስለ ጀበና አወራን።

ልልክልህ ነው አለች። ሰው ካለ፣ በዚህ ወር የሚመጣ ሰው ካለ ጀበናዋን... ማለት፣ ከመጣችሁ አይቀር ሽሮ ሜዳ ጎራ ብላችሁ፣ ሳሎን ስትገቡ በስተቀኝ...

አይ። ጀበናዋን ብቻ።