ባሕሩ የት ሄደ? ዛንዚባር ከመሄዳችሁ በፊት

[ምስል፦ አሞራ ገደል፣ ማለዳ፣ የሐይቁ ዳር]

ጤና ይስጥልኝ የሐዋሳ ልጆች፣ ከሌላ ከተማ የምትከታተሉንም። ከኋላዬ ያለው ሐይቃችን ነው። ማታ ጥለነው የሄድንበት ቦታ ጠዋትም እናገኘዋለን። የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ሄጄ እስክመጣ ድረስ ይሄ ገርሞኝ አያውቅም።

ጃምቢያኒ የደረስኩት መሽቶ ነው። በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የማዕበሉን ድምፅ እየሰማሁ ተኛሁ። ጠዋት ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ብወጣ፣ ባሕሩ የለም! ነጭ አሸዋ ብቻ። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ውሃው ከሩቅ እንደ ቀጭን ሰማያዊ ክር ይታያል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጨረቃ የውቅያኖሱን ውሃ ትስበዋለች። ስለዚህ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከሞላበት እስኪሸሽ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትሆን ልዩነቱ ይብሳል፣ እዚያ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ዝርግ ነው፤ ውሃው ከሸሸ ብዙ ርቆ ይሄዳል።

እና ሐሳባችሁ ዋና ብቻ ከሆነ ሰሜኑን ያዙ፤ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ። እዚያ ውሃው ያን ያህል አይርቅም። እኔ ግን አሁንም ብጠየቅ ምሥራቁን ነው የምመርጠው።

[ምስል፦ አሸዋው ላይ የተተከሉ አጫጭር እንጨቶች፣ በመሃላቸው ገመድ]

ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቹ ይወጣሉ። እንጨት ተክለው ገመድ ይወጥራሉ። ገመዱ ላይ የባሕር አረም ቁራጭ በቁራጭ ያስራሉ። ጎንበስ ብለው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ እየደረሰ፣ እንደ ጓሮ አትክልት ይንከባከቡታል። ሲደርስ ነቅለው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ከዚያ ወደ ውጭ ይላካል፤ ለጥርስ ሳሙናና ለመዋቢያ ቅባት የሚገባ ነገር ይወጣበታል። እርሻቸው ነውና ገመዱን አትርገጡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም አስፈቅዱ። ጫማ አድርጉ፤ ድንጋዩ ሥር እሾሃም የባሕር ፍጥረት አለ፣ ከወጋችሁ ጉዞው ተበላሸ ማለት ነው።

ከዚያ ጆዛኒ ደን ሂዱ። እዚህ ሐይቃችን ዳር ያሉትን ጉሬዛዎች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? እዚያ ያሉት ዘመዶቻቸው ናቸው፣ ጀርባቸው ግን ቀይ ነው። በተፈጥሮ የሚገኙትም ዛንዚባር ብቻ ነው። ከሰል ይበላሉ! ቅጠሉ ውስጥ ያለውን መርዝ ያረክስላቸዋል።

የቅመም እርሻውንም እንዳትዘሉት። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ነው። ዛፉ ላይ እያለ አረንጓዴና ሮዝ ነው። በእጅ ለቅመው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ይጠቁራል። አንዷን እምቡጥ በጣቴ ጨፍልቄ አሸተትኩ። የእናቴ ማጀት ነው የመሰለኝ።

ስቶን ታውን የድንጋይ ቤቶችና ጠባብ መንገዶች ያሉበት አሮጌ ከተማ ነው። ካቴድራሉ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ጊዜ ስጡ፣ አትሩጡ። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ወጥታችሁ ከባሕሩ ዳር የተጠበሰ ዓሣ ብሉ።

ለጉዞው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ይጠየቃል። የደሴቲቱ የጉዞ መድንም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ለውጭ አገር ሰው ግዴታ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናቡ ይበረታል፣ ባትሄዱ ይሻላል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር ልክ እንደኛው ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆን እነሱም አንድ ሰዓት ይላሉ። በእንግሊዝኛ ሲነግሯችሁ ግን የፈረንጁ ሰዓት ነው፣ ጀልባ እንዳያመልጣችሁ።

እኔም በማግስቱ አንዱን ዓሣ አጥማጅ «ማጂ ያናጃ ሳ ንጋፒ?» አልኩት፤ ውሃው ስንት ሰዓት ይሞላል ማለት ነው። «ሳ ናኔ» አለኝ። ስምንት ሰዓት። ስምንት ሰዓት ላይ ፎጣዬን ይዤ ስወጣ ባሕሩ ደጃፌ ድረስ መጥቷል።