ካንሰር ነው ተባልኩ፤ ሕክምና ከመጀመሬ በፊት ምን ላድርግ?

የካንሰር ሐኪሙ እንግዳችን በስልክ ለገቡ የአድማጮች ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ነው።

ከባሕር ዳር፦ የጡት ካንሰር ነው ተብዬ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ተጽፎልኛል። ምን ይዤ ልሂድ?

እህቴ፣ ወረቀትሽን ሁሉ ያዢ። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት፣ የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ውጤት፣ ሪፈሩ፤ አንዱም እንዳይቀር። ናሙናሽን የመረመረው ላቦራቶሪ ስላይዱን (ናሙናው የተቀመጠበትን መስታወት) እና በሰም ያስቀመጠውን ናሙና እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከዚያ ናሙና ነው፤ መድኃኒትሽም በዚያ ይወሰናል። ከሌለሽ እንደገና ናሙና ልትሰጪ ትችያለሽ፤ ጊዜ ይባክናል። የምትወስጂውንም ሁሉ ጽፈሽ ያዢ፤ የግፊት ክኒን፣ ቫይታሚን፣ የባህል መድኃኒት ሳትይ። ማረፊያ ከቸገረሽ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቂ።

ከአዲስ አበባ፦ ፀጉሬ ይረግፋል?

ሁሉም ኬሞ (የካንሰር ሴልን የሚገድል መድኃኒት) ፀጉር አያረግፍም። የሚያረግፈው ከሆነ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጀምራል፤ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

ከሐዋሳ፦ የተበላ ጥርስ አለኝ። ከኬሞ በፊት ላስነቅለው?

አዎ፣ ከኬሞው በፊት ለጥርስ ሐኪም አሳየው። ለጥርስ ሐኪሙ ኬሞ ልትጀምር መሆኑን ንገረው።

ከደሴ፦ እናቴ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘ። ዘመድ «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ስላለ ኦፕራሲዮኑን ትተን የባህል መድኃኒት ለሁለት ወር ልንሞክር ነው። ወይስ ከኬሞው ጋር ትጠጣው?

ወንድሜ፣ ስልኩን እንዳትዘጋብኝ። ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም።

ብረት ስለነካው አይደለም የሚሰራጨው። ሰው ዓመት ቆይቶ፣ በሽታው ጉበትና ሳንባ ከገባ በኋላ ይመጣል። ከዚያ ኦፕራሲዮን ይሆናል፣ ብዙም ሳይቆይ ያርፋል። ጎረቤት ታዲያ «ቢላው ገደለው» ይላል። የገደለው መዘግየቱ ነው!

ሁለት ወር ለእናንተ አጭር ነው፤ ለካንሰር ግን አጭር አይደለም። በሽታው ገና ካልተሰራጨ፣ ዛሬ እናትህን ለማዳን ነው የምናክማት። በሽታው ጉበት፣ ሳንባ ወይም አጥንት ከደረሰ ግን ሕመሟን ለማስታገስ፣ ዕድሜዋን ለማራዘም ነው የምንደክመው። ያንን ለቤተሰብ መንገር እንዴት እንደሚከብደኝ ባወቅህ።

ጎን ለጎን መጠጣቱም አይሆንም። ብዙ የኬሞ መድኃኒት በጉበትና በኩላሊት በኩል ነው ከሰውነት የሚወጣው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ጉበቷ ከተጎዳ ኬሞው ይዘገያል። የባህል መድኃኒት ጡታቸው ላይ ለጥፈው ቆስሎ፣ አመርቅዞ የመጡ እናቶችም አይቻለሁ።

ጠበሉን እንድትተው አልልም። ትጠመቅ፣ ትጸልይ። ቀጠሮዋ ግን አይለፍ። ከኬሞ በኋላ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሏ በሚወርድበት ሰሞን ያልፈላ ውኃ ሊያሳምማት ስለሚችል፣ ስለ መጠጣቱ ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሩ። እስካሁን የጠጣችው ነገር ካለም አትደብቁ። እኛ አንቆጣም፤ ብቻ ንገሩን። ነገ ጠዋት ይዘሃት ሂድ።

ከአዳማ፦ ደም እንዲሆነኝ ክትፎ ብበላስ?

በደንብ የበሰለ ከሆነ ብላ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ፣ ያልፈላ ወተት እስከ ኬሞው ማብቂያ ይቅር።

ከጎንደር፦ አባቴ እንዳይደነግጥ ካንሰር መሆኑን አልነገርነውም። ጥሩ አደረግን?

ስለምትወዱት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ኬሞ ሲንጠለጠልለት ምን ልትሉት ነው? በሽታውን ያላወቀ ሰው ትኩሳቱን ይንቃል፣ «ተሽሎኛል» ብሎ ቀጠሮ ይተዋል። የራሱን ጉዳይ የመወሰን መብትም አለው። ብዙ አባቶች ደግሞ ቀድመው ጠርጥረው፣ እናንተ እንዳትጨነቁ ዝም ይላሉ። ሐኪሙ ባለበት፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩት።

ከአዲስ አበባ፦ ዕድሜዬ 29 ነው፤ አልወለድኩም። ኬሞው መካን ያደርገኛል?

እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ሊጎዳ ይችላል። ጥያቄውን ከመጀመርሽ በፊት አንሺው፤ በኋላ አማራጩ ይጠባል። አሁን እንዳታረግዢ። የቀረው በስልክ የሚመለስ አይደለም፤ የካንሰር ሐኪምሽንና የማህፀን ሐኪም አማክሪ።

ከቢሾፍቱ፦ ባለቤቴ ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ኬሞ ወሰደ። ዛሬ ትኩሳቱ 38.5 ነው። ፓራሲታሞል ሰጥቼው እስከ ጠዋት ልጠብቅ?

አትጠብቂ፣ እህቴ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው 38 ከደረሰ ድንገተኛ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው። በር ላይ «ኬሞ ላይ ነው» ብለሽ ተናገሪ፤ ወረቀቱንም ያዢ። ስልኩን ዝጊና ተነሺ።