ቨርጂኒያ ላይ ያለን ድምፅ፦ ለኦባማ ዘመቻ የምንሰጠው ምክር
(በሰሜን ቨርጂኒያ ለኢትዮጵያውያን ደጋፊዎች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር፣ ነሐሴ 2000 ዓ.ም.)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዘመቻው ቢሮ የመጣችሁ ወጣቶችም፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሴናተር ኦባማን ለማሞገስ አልቆምኩም። እዚህ አዳራሽ ያለው ሰው ልቡ የት እንዳለ እናውቃለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ፍቅር ድምፅ ሆኖ መቆጠሩ ነው፤ ስለዚህ ለዘመቻው በግልጽ የምለው አለኝ።

ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ለፕሬዚዳንትነት ዴሞክራት መርጣ አታውቅም። ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ጂም ዌብ ለሴኔት ሲወዳደሩ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጥቶ ያሸነፉት ከ10 ሺህ ባነሰ ልዩነት ነው። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ኮሎምቢያ ፓይክና ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያለውን ሐበሻ እስቲ አስቡት። ፕሬዚዳንቱን የሚለየው ለየግዛቱ የተመደበው የኤሌክቶራል ድምፅ ነው፤ ዲሲ ሦስቱን ማንም ሳይለምናት ትሰጣለች፣ ሜሪላንድም አያሰጋም። የቨርጂኒያ 13 ግን ገና አልለየለትም። ስለዚህ ለእኛ ማኅበረሰብ የመደባችሁት ጊዜና ጉልበት እዚህ ይዋል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ወገኖችም ቅዳሜና እሑድ የፖቶማክን ወንዝ ተሻገሩና አግዙን።

ምዝገባው የሚዘጋው ኦክቶበር 6፣ በእኛ መስከረም 26 ነው። እንቁጣጣሽም መስቀልም የረመዳን ኢፍጣርና ዒዱም ከዚያ በፊት ናቸው፤ ሕዝባችንን ሰብሰብ ብሎ የምታገኙበት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ታዲያ ካህናቱንም ኢማሞቹንም «እገሌን ምረጡ በሉልን» እንዳትሉ። ከግብር ነፃ የሆነ ቤተ እምነት እጩ መደገፍ በሕግ ተከልክሏል፤ ለማንም ሳያደሉ ሰው ማስመዝገብ ግን ይፈቀዳል።

የቨርጂኒያ የምዝገባ ቅጽ ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይጠይቃል። ከቅዳሴ የምትወጣ እናት ፊት አንድ የማታውቀው ልጅ ወረቀት ይዞ ቆሞ ቁጥሯን ቢጠይቃት ነጠላዋን አስተካክላ ታልፈዋለች። ማለፏም ልክ ነው። ደግሞም ስምን በመዝገብ ማስፈር ብዙ ዋጋ ካስከፈለበት አገር ነው የመጣነው። ቅጹን የሚይዘው አብሯት ማኅበር የሚጠጣ፣ በእድር የምታውቀው ሰው ይሁን። ቤቷ ወስዳ ሞልታ ራሷ በፖስታ ልላክ ብትልም አታስጨንቋት።

አንድ ነገር አደራ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዘመቻው ገንዘብ ማዋጣት ይችላል፤ መመዝገብና መምረጥ ግን አይችልም። በየዋህነት የፈረመ ሰው የዜግነት ማመልከቻው ሊበላሽበት፣ ከዚያም አልፎ ከአገር ሊባረር ይችላል። በጎ ፈቃደኛ ሁሉ እስክሪብቶ ከማቀበሉ በፊት «ዜግነት ወስደዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ለአንድ ድምፅ ብለን የአንድ ቤተሰብ ኑሮ አናናጋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ምርጫው ማክሰኞ ነው። ጣቢያዎቹ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይከፈታሉ። የእኛ ሰው በዚያ ሰዓት የት ነው? ታክሲ ላይ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሆቴል፣ አረጋውያን መንከባከቢያ፣ ብዙውም ሁለት ሥራ ላይ። ሕጉ ግን መላ አለው፦ በእነዚያ 13 ሰዓታት ውስጥ ሥራውና መንገዱ ተደምሮ 11 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድበት ሰው በአብሰንቲ፣ ማለትም በምርጫው ቀን ጣቢያ ሳይቀርብ፣ ቀድሞ መምረጥ ይችላል። ይህ አንቀጽ ለእኛ ታክሲ ነጂዎች የተጻፈ ነው የሚመስለው፤ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ናሽናል ኤርፖርት ታክሲዎቹ ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ሂዱና እዩ። ሹፌሩ መኪናው ላይ ተደግፎ፣ ቡናውን ይዞ፣ ከጓደኛው ጋር ስለዚሁ ምርጫ ሲከራከር ታገኙታላችሁ። እናንተ ማታ ማታ ቤቱ ትደውላላችሁ፤ እሱ ፈረቃ ላይ ነው። ስልኩን ተዉትና ሌሎቹ የሚያከብሩት አንድ ሹፌር የአብሰንቲ ማመልከቻ ይዞ እዚያ ይቁም። በቴሌቪዥን ከሚወጣ ማስታወቂያ ይልቅ እሱ ብዙ ድምፅ ያመጣላችኋል።

ስለ አገራችን መጠየቃችሁም አይቀርም። የኮንግረስማን ዶናልድ ፔይን ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲና ተጠያቂነት ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ፣ ኤች አር 2003፣ ባለፈው ኦክቶበር በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቆሟል። ሴናተር ኦባማ ደግሞ የሴኔቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አባል ናቸው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ማኅበረሰባችን በዚህ ጉዳይ ተከፋፍሏል፤ ለአንዱ ወገን አንድ፣ ለሌላው ሌላ እንዳትነግሩ። በየሬስቶራንቱ ወሬው በአንድ ሌሊት ይዳረሳል። የሴናተሩ አቋም ምን እንደሆነ በጽሑፍ ስጡን፤ ባንስማማበት እንኳ እውነቱን የነገረንን እናከብራለን።

ከዛሬው ስብሰባ የምንፈልገው ይህን ነው፦ ስለ 11 ሰዓቱ ደንብ በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት። ጽሑፉን እኛ እናዘጋጃለን፤ ዘመቻው በሕግ ሰው አስመርምሮ ከእንቁጣጣሽ በፊት ያሳትምልን። በየተራ ኤርፖርት የምትቆሙ ሹፌሮች ሳትበተኑ ስማችሁንና ፈረቃችሁን አስመዝግቡ።