ደረጃውን የት እናድርገው?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎችና እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ተገጣጣሚ ተያያዥ ቤቶች፣ ማለትም ፋብሪካ ተሠርተው ጎን ለጎን ተጣብቀው ስለሚደረደሩ ቤቶች እንድናገር ነው። ስለ ፋብሪካና ስለ ክሬን ለማውራት ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ ተውኩት። የማወራው ስለ ደረጃ ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ባለ አንድ ፎቅ ጠባብ ቤት ነድፌ ነበር። ደረጃውን ሳሎኑ መሃል ጣል አደረግኩት። ስዕሉ ላይ ሲያምር! ዓመታት አለፉ፤ ልጆች አድገው ወጡ፤ ባለቤቶቹ ፎቁን ማከራየት ፈለጉ። ተከራዩ ክፍሉ ለመድረስ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መሃል ሊያልፍ ነው። ጠሩኝና «እስቲ መላ በለን» አሉኝ። ምን መላ አለው? ደረጃውን ለማንሳት ሶሌታውን፣ ማለትም የፎቁን የኮንክሪት ወለል መስበር ነበረብን። ያ ደረጃ መግቢያው አጠገብ፣ የጎን ግድግዳውን ተጠግቶ ቢሆን ኖሮ አንድ በር መግጠም ይበቃ ነበር።

በተያያዥ ቤት እንዲህ ያለ ስህተት ይብሳል። ጎንና ጎኑ ጎረቤት ነው፤ ወደዚያ መሸሽ የለም። እርግጥ ጥቅሙም ከዚሁ ይመጣል። መሬት ይቆጥባል፤ መሃል ላይ ያለው ቤት ለብርድና ለፀሐይ የሚጋለጠው በፊቱ፣ በጀርባውና በጣሪያው ብቻ ነው። ብርሃን ግን ከሁለት ጫፍ ብቻ ይገባል። የመስኮቱ አናት 2.4 ሜትር ላይ ከሆነ፣ ደህና ብርሃን የሚደርሰው 5 ሜትር ገደማ ድረስ ነው። ስለዚህ ቤቱ ከ10 ሜትር በላይ ከረዘመ መሃሉ ይጨልማል። እኔ ያንን ጨለማ ለመታጠቢያ ቤት፣ ለዕቃ ቤትና ለቱቦ መስመር እሰጠዋለሁ። ደረጃውም ከመግቢያው አጠገብ ተነስቶ፣ የጎን ግድግዳውን ተጠግቶ ወደዚያው መሃል ይውጣ፤ ከአናቱ የጣሪያ መስኮት ይከፈትለት። ያኔ ደረጃው ራሱ ብርሃን ወደ ታች ያወርዳል።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንምጣ። ሞጁል ማለት ፋብሪካ ውስጥ አልቆ በመኪና የሚመጣ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ሲሠራ መሠረቱም እየተቆፈረ ስለሚቆይ ጊዜ ይተርፋል፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ስፋቱን የሚወስነው መንገዱ መሆኑ ነው። ከ4 ሜትር ብዙም አይዘልም። 6 ሜትር ስፋት ያለው ቤት ከፈለጋችሁ ሳጥኖቹን አግድም አስተኟቸው፤ ርዝመታቸው ከጎን ግድግዳ እስከ ጎን ግድግዳ ይድረስ። ባለ 3 ሜትር ሦስት ሳጥን ብትደረድሩ 9 ሜትር ጥልቀት አገኛችሁ። ሸክሙን የማዕዘን ኮለኖች ከያዙት በመሃል ምንም ተሸካሚ ግድግዳ አያስፈልግም። ክፍሉን በጂፕሰም መክፈል፣ ሲፈለግም ማፍረስ ነው።

እያንዳንዱ ቤት የራሱን ግድግዳ ይዞ ስለሚመጣ በሁለት ቤቶች መሃል ድርብ ግድግዳ ይኖራል። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ማለት ይቀራል። ድርብ ግድግዳው ግን ቦታ ይበላል፤ በ5 ሜትር ስፋት ላይ ደግሞ የምትጠፋው እያንዳንዷ 10 ሳንቲ ታሳዝናለች።

ሳጥን ስለሆነ ብቻ ይለዋወጣል የሚል ካለ ቶኪዮን ያስታውስ። በ1972 የተጠናቀቀው፣ አርክቴክቱ ኪሾ ኩሮካዋ የነደፈው ናካጊን የተባለ የመኖሪያ ግንብ 140 ሳጥኖች ነበሩት። በ25 ዓመት ገደማ እየተነቀሉ ሊቀየሩ ታስቦ ነበር። አንዱም ሳይቀየር በ2022 ፈረሰ። የለውጡ አሃድ ሙሉ ክፍል ከሆነ ለውጡ ክሬን ይጠይቃል። ሰው ደግሞ ቤቱን የሚቀይረው ቅዳሜ ከሰዓት፣ በመሰርሰሪያ ነው።

በአንጻሩ ቺሊ፣ ኢኪኬ ከተማ ውስጥ አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬናና ባልደረቦቹ ወደ 100 ለሚጠጉ ቤተሰቦች የሠሩትን ተያያዥ ቤት ተመልከቱ። የፋብሪካ ሥራ አይደለም። መሬቱን ጨምሮ የተመደበው ለአንድ ቤተሰብ 7,500 ዶላር ነበር። ስለዚህ ለቤተሰቡ የሚከብደውን ግማሽ ሠሩ፦ ደረጃ፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ የጎን ግድግዳ። የቀረውን ባዶ ተውት። ነዋሪዎቹ እንደ አቅማቸው ሞሉት። አንዳንዱ ሙሌት ስዕል ላይ የሚያምር አይደለም፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል።

ፋብሪካዎች ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ይሁን ይላሉ። ኮለኑና ቱቦው አንድ ዓይነት ይሁን፣ አልከራከርም። ነገር ግን ነገ በር ሊሆን የሚችልበት ቦታ ላይ ከበሩ በላይ ያለውን ሸክም የሚይዝ ቢም ከአሁኑ አስገቡለትና በጂፕሰም ዝጉት። በፋብሪካ ይህ ቀላል ሥራ ነው፤ ሰው ከገባ በኋላ ግን አቧራና ጭቅጭቅ ነው። ያ ቦታ የት እንዳለ የሚያሳይ ስዕልም ከቤቱ ካርታ ጋር ለባለቤቱ ይሰጠው። አለበለዚያ በሩ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

ንድፋችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ በሻይ ሰዓት አሳዩኝ። መጀመሪያ የማየው ደረጃውን ነው።

አመሰግናለሁ።