የመኪናው ኤሲ በአንዱ ወገን ሲቀዘቅዝ በሌላው የሚሞቀው ለምንድን ነው?

[ምስል፦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ።]

ከጅማ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ አሽከርካሪ አሰንዳቦንና ሰኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ መውረድ ሲጀምር አየሩ በግልጽ ይለወጣል፤ እስከዚያ ድረስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ይበቃው የነበረ ሰው እዚህ ሲደርስ ኤሲውን ይከፍታል። ዕድሜው በገፋ መኪና ላይ የኤሲው ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚታወቀውም በዚሁ ቦታ ነው። በሹፌሩ በኩል የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ በቀኝ የተቀመጠው ተሳፋሪ ለብ ያለ አየር ይደርሰዋል፤ ወይም መኪናው ሲሮጥ የሚቀዘቅዘው ኤሲ ከጭነት መኪና ኋላ ቀስ እያለ ዳገት ሲወጣ ይሞቃል።

በከተማው ውስጥም ቢሆን ኤሲን የምቾት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ዝናባማ ከተማ ናት። በክረምት የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል በእንፋሎት ሲጋረድ ቶሎ የሚያጠራው ኤሲው እርጥበቱን ያወጣለት ደረቅ አየር ነው፤ በመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃም ከዚሁ አየር የወጣ እርጥበት ነው። ስለዚህ በዝናብ ውስጥ እግረኛና ባጃጅ ለይቶ ማየት ለሚኖርበት አሽከርካሪ ኤሲው በትክክል መሥራቱ የደኅንነት ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ወደ ጋራዥ ሲገባ በአብዛኛው የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «ጋዝ ይሞላ» የሚል ነው። ይህ መልስ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ቢሆንም ምርመራ ሳይደረግ የሚሰጥ በመሆኑ ብዙ ባለንብረቶችን ለተደጋጋሚ ወጪ ይዳርጋል። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል፣ ከጎደለም የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ቅዝቃዜው ከቦታ ቦታ ወይም ከጊዜ ጊዜ የሚለያይ ኤሲ ጋዙ ሙሉ ሆኖ ሳለ በአየር መተላለፊያው ብልሽት ብቻ ሊሞቅ ይችላል። በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው ጋዙ ከመነካቱ በፊት እነዚህን ሁለት ምክንያቶች እንዴት መለየት እንደሚቻል ነው።

[ምስል፦ የኤሲው መስመር በሥዕል፤ ጋዙ የሚዞርበት በሰማያዊና በቀይ ቀለም።]

አሠራሩን በአጭሩ እንይ። ኮምፕረሰሩ ጋዙን አምቆ ወደ ኮንደንሰሩ ይልከዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭው አየር አስረክቦ ጋዙን ወደ ፈሳሽነት ይለውጠዋል። ፈሳሹ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ አልፎ ከዳሽቦርዱ ሥር ወደሚገኘው ኢቫፖሬተር ሲገባ ግፊቱ ይወድቅና ይፈላል፤ አልኮል እጅ ላይ ፈስሶ ሲተን እጅን እንደሚያቀዘቅዝ ሁሉ ይህም ፈሳሽ ሲተን ሙቀትን በዙሪያው ካለው አየር ይወስዳል። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የሚገኘው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው።

አየሩ ግን የራሱ መንገድ አለው፣ የብዙ ሰው ምርመራ የሚሳሳተውም ይህን መንገድ በመዘንጋቱ ነው። ነፋሹ ሞተር የሚገፋው አየር በመጀመሪያ በኢቫፖሬተሩ ውስጥ አልፎ ይቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ አንዲት ተንቀሳቃሽ በር ታገኘዋለች፤ ይህች በር እንደ አቀማመጧ አየሩን በቀጥታ ወደ መውጫዎቹ ትልከዋለች፣ ወይም በከፊል የሞተሩ ሙቅ ውሃ በሚዞርባት ትንሽ የማሞቂያ ራዲያተር በኩል ታሳልፈዋለች። በሯ በደንብ ካልተዘጋች ኤሲው ያቀዘቀዘውን አየር ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል ማለት ነው። ለሹፌሩና ለተሳፋሪው የተለያየ ሙቀት መምረጥ በሚያስችሉ መኪኖች ደግሞ በሮቹ ሁለት በመሆናቸው አንዷ ብቻ ተበላሽታ ሌላዋ ደህና ልትሆን ትችላለች።

[ምስል፦ ቴርሞሜትር በመሃለኛው የአየር መውጫ ላይ ሲገባ።]

ምርመራው የሚጀምረው በልኬት ነው። መኪናውን ጥላ ሥር ያቁሙ፣ መስኮቶቹን ይዝጉ፣ ሙቀት መምረጫውን እስከ መጨረሻው ቅዝቃዜ ይውሰዱ፣ አየሩ ከውስጥ እንዲዞር ያድርጉ፣ ነፋሹን ከፍ ባለ ደረጃ ይክፈቱና ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1,500 ዙር አድርገው ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ። ከዚያ ተራ የምግብ ቴርሞሜትር በአራቱም የአየር መውጫዎች ላይ በየተራ እያስገቡ የሚያሳየውን ቁጥር በወረቀት ላይ ይጻፉ። በመውጫዎቹ መካከል የሁለት ወይም የሦስት ዲግሪ ልዩነት ሊያሳስብ አይገባም፤ ራቅ ያለው መውጫ ረዘም ያለ ቧንቧ ስላለው በመጠኑ መሞቁ ያለ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በግልጽ ሲበልጥ ግን ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል። እግረ መንገድዎን በየመውጫው ፊት ስስ ወረቀት ይያዙ፤ በአንዱ ላይ ወረቀቱ እምብዛም ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ የቅዝቃዜ ሳይሆን የአየሩ ብዛት ነው፤ ቴፕ ወይም ሌላ ዕቃ ሲገጠም ከዳሽቦርዱ ኋላ የተላቀቀ ቧንቧ መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

በግራና በቀኝ መካከል ልዩነት ከተገኘ፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ምንም መሣሪያ የማይጠይቀው ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ መኪናውን አስነሥተው ወዲያውኑ ኤሲውን ይክፈቱ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የራዲያተሩ ውሃ ገና ስላልሞቀ ማሞቂያው አየሩን ሊያሞቅ አይችልም። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች እኩል ቀዝቅዘው፣ የሞተሩ ሙቀት ከፍ እያለ ሲሄድ አንደኛው ወገን ብቻ መሞቅ ከጀመረ፣ ጥፋተኛው ሙቅ ውሃው ነው፤ በሯ አልተዘጋችም፣ ወይም የማሞቂያው የውሃ ቫልቭ አልቆረጠም። ልዩነቱ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ የሚታይ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ጋዙ ያዘነብላል። ይህን ፈተና በጅማ ማለዳ ላይ ማድረግ ብዙም አይጠቅምም፤ ውጭው ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ልዩነቱ አይጎላም። መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ሥር ቆሞ ከዋለ በኋላ ከቀኑ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ላይ መሞከሩ የተሻለ ነው።

የጋዝ ማነስ ለምን አንድን ወገን ብቻ እንደሚያሞቅ መረዳት ይጠቅማል። ፈሳሹ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባው በአንድ በኩል ነው። መጠኑ በቂ ሲሆን እስከ ሌላኛው ጫፍ ድረስ እየተነነ ይሄዳል፤ ሲያንስ ግን ገና መግቢያው አካባቢ ተንኖ ያልቅና የቀረው የኢቫፖሬተር ክፍል የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ያጣል። በዚያ ክፍል በኩል ያለፈው አየርም ሞቅ እንዳለ ይወጣል። የትኛው ወገን ቀድሞ እንደሚሞቅ የሚወሰነው በመኪናው ንድፍ ነው።

ጥርጣሬው በበሯ ላይ ካረፈ ሙቀት መምረጫውን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ፣ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ እየመለሱ ያዳምጡ። በሯን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር በሚያንቀሳቅሱ መኪኖች የፕላስቲክ ጥርሶቹ ሲሰበሩ ከዳሽቦርዱ ሥር ቀጭን፣ ተደጋጋሚ የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ግን በሯ የምትንቀሳቀሰው በሽቦ ገመድ ነው፤ ገመዱ ከማሰሪያው ሸርተት ሲል መምረጫው እስከ መጨረሻው ቢዞርም በሯ መንገድ ላይ ትቆማለች። ይህን ማስተካከል አንዳንድ ጊዜ ገመዱን ወደ ቦታው መልሶ ከማሰር ያለፈ ሥራ አይጠይቅም፤ ጋዝ ተሞልቶለት ያልዳነ መኪና በዚህ ብቻ ሲስተካከል ማየት ያሳዝናል።

[ምስል፦ በቀይ ጭቃ የተሸፈነ ኮንደንሰር፤ ቀጥሎ ታጥቦ።]

በጉዞ ላይ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚሞቅ ኤሲ ሌላ ታሪክ አለው። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ግን ሥራው በሙሉ የፋኑ ነው። በበጋ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ የገጠር መንገዶች የሚመላለስ መኪና ኮንደንሰሩ በአቧራ፣ በክረምት ደግሞ በቀይ ጭቃ ይደፈናል። ኤሲው ሲከፈት ፋኑ መዞሩን ይመልከቱ፤ ካልዞረ ቫልቮላውን፣ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ማብሪያ) እና የፋኑን ሞተር ያስፈትሹ። ፋኑ እየዞረ ከሆነ ቆሞ በሚሠራው መኪና ኮንደንሰር ላይ በቀስታ ውሃ ያፍስሱበት፤ ከመውጫው የሚመጣው አየር ወዲያው ከቀዘቀዘ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እንደነበር ተረጋገጠ። ሲታጠብ ኃይለኛ የውሃ ግፊት መጠቀም ስሶቹን ክንፎች ያጣጥፋልና ለስለስ ባለ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት ማጠብ ይመረጣል።

ኤሲው በደንብ ከጀመረ በኋላ የአየሩ ብዛት እየቀነሰ ሄዶ፣ ጥቂት ጊዜ ሲዘጋ እንደገና የሚመለስ ከሆነ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየያዘ ነው፤ የተዘጋ የአየር ፊልተርና የተበላሸ የሙቀት መለኪያ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። የአየሩ ብዛት ሳይቀንስ ቅዝቃዜው ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የኮምፕረሰሩን ክላች ይመልከቱ፤ ይህ ክላች ኤሲው ሲከፈት ሳህኑን በማግኔት ስቦ ኮምፕረሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዝ ክፍል ነው። በብዙ መኪኖች በሳህኑና በሚስበው ፊት መካከል ያለው የክላቹ ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ሊሆን ይገባል፤ በዕድሜ ብዛት ሲሰፋ ማግኔቱ ሲሞቅ ስለሚደክም ሳህኑን ስቦ መያዝ ያቅተዋል።

አሁን ወደ ጋዙ እንመለስ። ሞተሩ ጠፍቶ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ሲገጠም የሚታየው ግፊት የጋዙን መጠን አይናገርም። በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚከተለው የአየሩን ሙቀት ነው፤ በ25 ዲግሪ ላይ በባሕር ጠለል 5.6 ባር ገደማ ያሳያል፣ ጋዙ ሙሉም ሆነ ግማሽ። ስለዚህ «ጌጁ ደህና ነው» የሚለው ቃል በቆመ ሞተር ከተነገረ ማስረጃ አይሆንም። ሞተሩ እየሠራ ጌጁ ሁለት ግፊቶችን ያሳያል፤ ዝቅተኛው ወደ ኮምፕረሰሩ በሚገባው፣ ከፍተኛው ከኮምፕረሰሩ በሚወጣው በኩል ያለው ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ ማነሱን፣ ሁለቱም ከፍ ካሉ ኮንደንሰሩ አለመቀዝቀዙን ወይም ጋዙ መብዛቱን፣ ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ከወረደ የኮምፕረሰሩን መድከም መጠርጠር ይቻላል።

በጅማ ከፍታ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት። ጌጅ የሚለካው ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ሲሆን የከተማዋ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ0.2 ባር ገደማ ያንሳል። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መስመሩ በፓምፕ ባዶ ሲደረግ በባሕር ጠለል የጌጁ መርፌ ወደ 30 ኢንች የሜርኩሪ (የባዶነት መለኪያ) ሲደርስ እዚህ ግን 24 ኢንች አካባቢ ይቆማል። ይህ የፓምፑም የመስመሩም ጥፋት ስላልሆነ 30 እስኪደርስ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ መታየት ያለበት ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ መርፌው ባለበት መቆየቱ ነው።

ጋዙ ማነሱ ከተረጋገጠ ከመሙላት በፊት ቀዳዳው ይፈለግ። የኤሲ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚወጣ አቧራ የያዘ ቅባታማ ቦታ ጥሩ ምልክት ነው፤ በቱቦ መጋጠሚያዎች፣ በኮምፕረሰሩ የፊት ጎን፣ በኮንደንሰሩ የታችኛው ክፍልና በመሙያዎቹ ክዳን ሥር ይመልከቱ። መስመሩን በግፊት መፈተሽ ሲያስፈልግ ናይትሮጅን ይጠቀሙ። ለብየዳ የሚውለውን ኦክስጅን ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ኦክስጅን በግፊት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። በማብሰያ ጋዝ መሙላትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ቢያፈስ ተቀጣጣዩ ጋዝ የሚጠራቀመው ሰው በተቀመጠበት ጋቢና ውስጥ ነው። የሚያፈተልክ የኤሲ ጋዝ ቆዳንና ዓይንን በቅዝቃዜ ስለሚጎዳ ባለሙያው ጓንትና መነጽር ማድረግ አለበት።

አሞላሉ በሚዛን ይሁን። መጠኑ በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፎ ይገኛል፤ በብዙ ትንንሽ መኪኖች ከ400 እስከ 600 ግራም ገደማ ስለሆነ የ100 ግራም ጉድለት ወይም ትርፍ ቀላል አይደለም። ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት ያንኑ ልኬት በአራቱም መውጫዎች ላይ፣ በተመሳሳይ የሞተር ዙርና በተመሳሳይ የነፋስ ደረጃ ይድገሙና ቀድሞ ከጻፉት ቁጥር ጎን ይጻፉት። ወረቀቱን በመኪናው ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲለኩ ቅዝቃዜው በተመሳሳዩ ወገን እንደገና ከወረደ ቀዳዳው አልተገኘም ማለት ነውና ለሌላ ሙሌት ሳይሆን ለፍተሻ ይመለሱ።