አውሮራ ትደግ፤ ሂሳቡን ግን እንየው

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ አላችሁ፤ የኤርፖርት ባጃቸውን እንኳ ያላወለቁ አያለሁ። ስለዚህ አላንዛዛም።

ለአውሮራ ከተማ ምክር ቤት ስወዳደር አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ ከተማችን ስታድግ ማን ነው የሚከፍለው?

በ1970 እዚህ የነበረው ሕዝብ 75 ሺህ ገደማ ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) የ2020 ቆጠራ 386,261 ሰው አገኘ። ከዴንቨርና ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ቀጥለን በሕዝብ ብዛት የኮሎራዶ ስቴት ሦስተኛ ከተማ ሆነናል። «አሁንስ በቃ፣ በሩ ይዘጋ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እኔ አልልም። እኛስ በየት በኩል ገባን? ደግሞም ቤት ስላልተሠራ ሰው መምጣቱን አያቆምም። የሚንረው ኪራዩ ነው።

ግን ዝም ብሎ ማደግም አለ። ውሃውን እንመልከት። አውሮራ በደጇ የሚያልፍ ትልቅ ወንዝ የላትም። የምንጠጣው በብዛት ተራራ ላይ የሚቀልጠውን በረዶ ነው። ከ2002ቱ ድርቅ በኋላ፣ 2003 ላይ፣ የከተማዋ ግድቦች የያዙት ውሃ ከሩብ ብዙም አይበልጥም ነበር። ፕሬሪ ዋተርስ የተባለው ሥራ የመጣው ከዚያ ድንጋጤ ነው። ተጠቅመን የደፋነው ውሃ ታክሞ ሳውዝ ፕላት ወንዝ ይገባል። ወንዙ ወደ ታች ከወሰደው በኋላ ዳር ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ይሳባል፤ በአሸዋ ይጣራል፤ 34 ማይል ቧንቧ አቋርጦ ተመልሶ ይመጣል። በ2010 ሥራ ሲጀምር ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፤ እኮራበታለሁ። ግን በነፃ አልመጣም፤ ወጪው ዞሮ ዞሮ የውሃ ሂሳባችን ላይ ነው ያረፈው። ለዚህ ነው በ2022 ምክር ቤቱ በአዲስ ግንባታ ላይ ማንም የማይረግጠውን የጌጥ ሣር ሲከለክል ትክክል ነው ያልኩት። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሣር ይኑር። አስፋልት መሃል ያለውን ግን ለማን ነው የምናጠጣው?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በምሥራቅ በኩል፣ በኢ-470 የክፍያ መንገድ ዙሪያ፣ አዲስ ቤት የገዛችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ጥሩ። የንብረት ግብር ደብዳቤያችሁ ላይ «ሜትሮ ዲስትሪክት» የሚል መስመር አይታችኋል? ብዙዎች ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ ነው የሚያዩት።

ሜትሮ ዲስትሪክት ማለት ለአንድ አዲስ ሰፈር መንገድና ቧንቧ የሚበደርና ከሰፈሩ ግብር የሚሰበስብ ትንሽ የመንግሥት አካል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አልሚው መሬቱ ገና ሜዳ ሳለ ዲስትሪክት ያቋቁማል። የመጀመሪያዎቹ የቦርድ አባላት አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሰዎች ናቸው፤ ገና የሚኖርበት ሰው የለማ! እነሱ ለመንገዱ፣ ለቧንቧው፣ ለፓርኩ በቦንድ ይበደራሉ። ቤቱን የምትገዙት እናንተ ግን ብድሩን በግብር ትከፍላላችሁ፤ ለ30 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሠርጉን ሌላ ሰው ደግሶ ዕዳውን ለሙሽሮቹ እንደመተው ነው።

ዲስትሪክት ሁሉ ሌብነት ነው እያልኩ አይደለም። መንገዱን አንድ ሰው መሥራት አለበት፤ ሃቫና ጎዳና አካባቢ ያለ የአፓርታማ ተከራይ እንዲከፍለውም አልፈልግም። ጥያቄው ልኩ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ የሚቋቋም ዲስትሪክት የአገልግሎት ዕቅዱን ምክር ቤቱ ማጽደቅ አለበት። ጉልበታችን እዚያች ፊርማ ላይ ነው። ከጸደቀ በኋላ መጮህ ብዙም አይፈይድም። እኔ ከተመረጥኩ የግብር ጣሪያውና ዕዳው የሚያልቅበት ዓመት በግልጽ ላልተጻፈበት ዕቅድ ድምፄን አልሰጥም። ነዋሪዎች እንደገቡ የቦርዱ ወንበር ወደ እነሱ የሚዞርበት ጊዜም መቆረጥ አለበት። ገዢው ደግሞ በዓመት ስንት ዶላር እንደሚከፍል ቀብድ ሳያስይዝ በፊት ይወቅ። «ሚል» በሚባል የግብር መለኪያ (ለግብር ከተገመተ ከእያንዳንዱ ሺህ ዶላር አንድ ዶላር) አይደለም፤ በዶላር።

ሁሉንም ቤት ምሥራቅ ጫፍ ላይ መሥራትም የለብንም። የአር መስመር ባቡር ከ2017 ጀምሮ ከተማችንን ያቋርጣል። አንዳንድ ጣቢያዎች አጠገብ ግን እስካሁን ባዶ መሬትና ሰፊ ፓርኪንግ ነው ያለው። ቧንቧውም መንገዱም እዚያ አለ። ፎቅ ቤቶች እዚያ ይሠሩ። አንሹትዝ ሆስፒታል የምትሠራ እህታችን መኪና ሳትገዛ መኖር ትችል። ባቡሩን የሚመራው አርቲዲ የራሱ የተመረጠ ቦርድ ያለው ሌላ ተቋም ነውና ምልልሱን ምክር ቤቱ አይወስንም። ሰው ከሌለበት ጣቢያ ግን ባቡር ጨምሩ ብሎ መከራከርም ከባድ ነው።

ስለ ኪራይ በየቡና ቤቱ እጠየቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ኪራይ በጣሪያ መገደብ በኮሎራዶ ከ1981 ጀምሮ የተከለከለ ነው። አደርገዋለሁ ብዬ ብምል ውሸቴን ነው። በ2021 የወጣ ሕግ ግን ለከተሞች አንድ በር ከፍቷል። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ የተወሰኑት ቤቶች አቅም ላነሰው ሰው እንዲሆኑ መጠየቅ ይቻላል፤ ለአልሚው ሌላ አማራጭ እስከተሰጠው ድረስ። ይህን በር አውሮራ እንድትጠቀምበት እገፋለሁ። አልሚዎቹ «እንግዲያው ሌላ ከተማ ሄደን እንሠራለን» ይላሉ። አንዳንዱ ይሄድ ይሆናል፤ ሂሳቡን አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን። መሬቱ ግን እዚሁ ነው ያለው።

የምርጫ ወረቀቱ ለተመዘገበ መራጭ በፖስታ እስከ ደጃፉ ይመጣል። ከማስታወቂያ ጋር አብራችሁ እንዳትጥሉት። ዜግነት ያልወሰዳችሁ መምረጥ ባትችሉም፣ ምክር ቤቱ ሕዝብ በሚያዳምጥበት ሰዓት ቆሞ ለመናገር ፓስፖርት የሚጠይቃችሁ የለም።

እጃችሁን ካወጣችሁት ልጀምር፤ የግብር ደብዳቤውን የያዘ ካለ ያምጣው፣ አብረን እናንብበው።